ሰባተኛ ወር፦ ፊደል መቁጠር ትቼ ቀለም መቁጠር ጀመርኩ

ባለፈው ስጽፍላችሁ የቤንጋሊኛን ፊደል ጨርሼ ወደ ግጥም መግባቴን በኩራት ነግሬአችሁ ነበር። ኩራቱ ብዙም አልቆየም። ሻርጃ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ የባንግላዴሽ ሰው በሥራ መሐል የሚያንጎራጉራት አንዲት የልጆች ዜማ አለች፦ «ብሪሽቲ ፖሬ ታፑር ቱፑር ኖዴይ ኤሎ ባን»። ዝናቡ ጠብ ጠብ ይላል፣ ጎርፍም መጣ እንደማለት ነው። በእኛ ፊደል ደብተሬ ላይ ጻፍኳትና ሐረግ በሐረግ ቆጠርኩ፤ 6፣ 6፣ 5፣ 2 ሆነች። እሱ ግን ጠረጴዛውን በጣቱ ሲመታ አንዱ ሐረግ ከሌላው አይበልጥም፣ አያንስም። ደጋግሜ ቆጠርኩ። ደብተሩና ጣቱ አልታረቁም።

ያስታረቁልኝ ፕሮቦድ ቻንድራ ሴን ናቸው። እኒህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1897 ዛሬ ባንግላዴሽ ውስጥ በሚገኘው የኮሚላ አካባቢ ተወልደው በ1986 በሕንዷ ሻንቲኒኬታን ያረፉ ምሁር ናቸው። የሚገርመው ትምህርታቸው ታሪክ መሆኑ ነው፤ ስለ ጥንቱ የሕንድ ንጉሥ ስለ አሾካም ጽፈዋል። ኩልና በምትባለው ከተማ አካባቢ በዳውላትፑር ኮሌጅ ካስተማሩ በኋላ በ1942፣ ማለትም ታላቁ የቤንጋሊ ገጣሚ ታጎር በሞተ በዓመቱ፣ እሱ ወደ መሠረተው ቪሽቫ ባራቲ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። የዕድሜያቸው ትልቁ ሥራ ግን የቤንጋሊ ግጥም ምጣኔ፣ ማለትም ስንኝ የሚለካበት ስልት ነው።

ትምህርታቸው የሚነሣው ከቀለም ነው፤ ቀለም ስል ቃል ሲነገር በአንድ ትንፋሽ የሚወጣውን የድምፅ ክፍል ማለቴ ነው። በአናባቢ የሚያልቀውን ክፍት፣ በተነባቢ የሚዘጋውን ዝግ እንበለው። ልዩነቱ ዝጉ ቀለም ስንት ይቆጠራል የሚለው ላይ ነው። «ዶልብሪቶ» በሚባለው ምጣኔ ክፍትም ዝግም እኩል አንድ አንድ ነው። በ«ኮላብሪቶ» ዝግ ቀለም ሁልጊዜ ሁለት ነው። «ሚስሮብሪቶ» ድብልቁ ነው፤ ዝግ ቀለም በቃሉ መጨረሻ ላይ ሲመጣ ሁለት፣ መጀመሪያ ወይም መሐል ላይ ሲመጣ አንድ ይሆናል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ዜማዋን እንደገና ሰበርኳት፦ ብሪሽ-ቲ-ፖ-ሬ፣ ታ-ፑር-ቱ-ፑር፣ ኖ-ዴይ-ኤ-ሎ፣ ባን። አራት፣ አራት፣ አራት፣ አንድ። ጓደኛዬ ይህን ሳያውቅ ከልጅነቱ ጀምሮ በጣቱ ያውቀዋል። በኮላብሪቶ ብትቆጥሯት ግን 5፣ 6፣ 5፣ 2 ትሆናለች፤ ለማንም አትዘፈንም።

ሦስቱን ለመለየት የምለማመድበት ቃል የታጎር የራሱ ስም ነው፤ ሮ-ቢን-ድሮ-ናት። በዶልብሪቶ 4፣ በኮላብሪቶ 6፣ በሚስሮብሪቶ 5። አንድ ስም፣ ሦስት ቁጥር! ሦስት ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ውስጥ ይህንን ስም ስቆጥር አጠገቤ የተቀመጡት ምን እንዳሰቡ እንጃ።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ሴን በራሳቸው ላይ ያደረጉትን እርማት ነው። በ1922 ገደማ ለሦስቱ ምጣኔዎች ስም ሲያወጡ፣ ዛሬ ሚስሮብሪቶ የምንለውን «ኦክኮርብሪቶ» ብለውት ነበር፤ በፊደል የሚለካ ማለት ነው። ስሙ ምክንያት አለው፤ በዚህ ምጣኔ ሮቢንድሮናት 5 ነው፣ በቤንጋሊ ፊደልም ሲጻፍ ተጣማሪው «ንድር» እንደ አንድ ስለሚታይ 5 ፊደል ነው። ገጠመላቸው። ይሁንና ግጥም የድምፅ እንጂ የጽሕፈት ነገር አይደለምና መግጠሙ የአጻጻፍ አጋጣሚ ነው ብለው፣ ሰው ሁሉ ተቀብሎ የሚጠቀምበትን የገዛ ስማቸውን ሻሩት። ሌሎቹን ሁለቱንም ቀየሯቸው። የቀድሞዎቹ ስሞች ዛሬም አልጠፉም፤ ለጀማሪ ትልቁ ራስ ምታት ይኸው ነው። በዚያ ላይ ሌላው የምጣኔ ምሁር አሙልዮዶን ሙኮፓድያይ ለእነዚሁ ሦስት ምጣኔዎች የራሳቸውን ሌላ ስም አውጥተዋል። የደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የስሞቹን ሠንጠረዥ ለጥፌያለሁ፤ እናንተም ከጀመራችሁ መጀመሪያ እሱን ሥሩ።

የዚህ ወር ልምምዴ «ፖያር» ነው፤ ስምንት ቆጥሮ ካረፈ በኋላ ስድስት የሚቆጥር፣ ድምሩ 14 የሆነ የሚስሮብሪቶ ስንኝ። የቤንጋሊው ገጣሚ ማይክል ሞዱሹዶን ዶቶ በ1861 ቤት የማይመታውን ረጅም ግጥሙን የጻፈው በዚሁ 14 ላይ ነው። ስምንቱ ላይ ያለውን እረፍት ጆሮዬ አሁን ይይዘዋል፤ ቃሉ ረጅም ሲሆን ግን አሁንም በጣቴ ነው የምደርስበት።

ያልፈታሁት አንድ ነገር አለ። የቤንጋሊ ፊደል የመጨረሻው አናባቢ ይነበብ አይነበብ አያሳይም። «አስተያየት» ማለት የሆነው «ሞት» (ለእኛ ጆሮ ደስ አይልም) እና «እንደ» ማለት የሆነው «ሞቶ» በተለምዶ አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። በሚስሮብሪቶና በኮላብሪቶ ሁለቱም 2 ስለሚሆኑ ግድ የለም። በዶልብሪቶ ግን አንዱ 1፣ ሌላው 2 ነው። የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል ሳንለይ ለምንጽፈው ለእኛ ችግሩ እንግዳ አይደለም፤ ነገር ግን እኛ አፋችንን ፈትተንበታል፣ እኔ በቤንጋሊኛ ገና ነኝ። ለጊዜው ያጠራጠረኝን ቃል በእርሳስ አከብበውና ጓደኛዬ ከፈረቃው ሲወጣ እንዲያነብልኝ እጠብቃለሁ። ዛሬ 11 ክብ አለኝ።