ጣርማ በር ላይ የተለኮሰው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ከሲጋራ የመላቀቄን ምስክርነት የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። ጻድቃኔ ማርያም ደጅ ቆሜ «ከዚህ ነገር ካወጣሽኝ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ» ብዬ ነበር። በአፌ ለብዙ ሰው ተናግሬያለሁ፤ በጽሑፍ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ሲና ነው። በ1997 ዓ.ም. በ17 ዓመቴ ትምህርቴን አቋርጬ የአይሱዙ ረዳት ሆንኩ። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭነን አዲስ አበባ እናራግፋለን፤ ስንመለስ ሲሚንቶም ይሁን ቆርቆሮ የተገኘውን ይዘን እንወርዳለን። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከደብረ ብርሃን አልፈህ፣ ጣሊያን የፈለፈለውን የጣርማ በር ዋሻ እንደወጣህ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ጉሙ ሲወርድ የራስህ መኪና አፍንጫ አይታይህም። ሹፌሩ ማርሽ ቀንሶ፣ ፍሬኑ እንዳይግል እየተጠነቀቀ፣ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ይወርዳል። ልክ እዚያች ቦታ ስንደርስ «ለኩስልኝ» ይለኛል።

ሲጋራ በጣት ይዘው ክብሪት ቢያስጠጉት በደንብ አይያያዝም። ከንፈር ላይ አድርጎ ሳብ ማድረግ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ጭሱን አፌ ውስጥ ይዤ ቶሎ እተፋው ነበር። አሳለኝ፣ ራሴን አዞረኝ፣ አንድ ቀን መስኮት ከፍቼ አስመለስኩ። ወር ሳይሞላ ግን ለሹፌሩ ከማቀበሌ በፊት ሁለት ጊዜ መሳብ ጀመርኩ። ብርድ ያባርራል ይባላል፤ በሐምሌ ሌሊት ያን ቁልቁለት የወረደ ሰው ወሬው ለምን እንደሚታመን ይገባዋል። ማንም አጭስ ብሎ አላስገደደኝም። ሹፌሩ ደግ ሰው ነበር፤ ደመወዜን አያጓድልም፣ ምሳ ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። ይህን የምለው ብዙ ወላጅ ልጁን ከመጥፎ ጓደኛ ብቻ ስለሚጠብቅ ነው። እኔ የጀመርኩት ከማከብረው ሰው እጅ ነው።

አያቴ «ትንባሆ ከአርዮስ ሆድ ዕቃ የበቀለ ነው» ትለን ነበር። እሷ ቤት ስሄድ ልብሴን አራግፌ፣ አፌን በሎሚ አሽቼ ነበር የምገባው። ነፍሷን ይማርና፣ አንድም ቀን አልነገርኳትም።

በ2004 ዓ.ም. መንጃ ፈቃድ አውጥቼ ራሴ ሹፌር ሆንኩ። ያኔ በቀን አንድ ፓኮ አይበቃኝም ነበር። ከእንቅልፌ ስነሳ ፊቴን ሳልታጠብ አጨሳለሁ። በዓቢይ ጾም 55ቱን ቀን ሥጋና ወተት አልነካም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ባፌ አይዞርም፤ ጭሱ ግን ከጠዋት ጀምሮ ባፌ ይገባል። ይህን እያወቅሁ ወደ ቤተ ክርስቲያን መግባት አሳፈረኝና ከአጥሩ ውጭ መሳለም ለመድኩ።

ለመተው ያልሞከርኩበት እንቁጣጣሽ የለም። ሁልጊዜም ሦስተኛው ቀን ላይ እወድቃለሁ። አንድ ጊዜ በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ያቀረበችልኝን ወጥ «ጨው በዛው» ብዬ ከነትሪው ገፋሁት። ልጆቹ ጥግ ያዙ። እሷ ምንም ሳትናገር ነጠላዋን ደርባ ወጣች፤ ተመልሳ አንድ ፍሬ ሲጋራ ፊቴ አስቀመጠች። የሲጋራ ሽታ ራሷን የሚያማት ሴት ናት። ያንን ሲጋራ አጨስኩት።

ሳሉ ሲብስብኝ ደብረ ብርሃን ሄጄ ራጅ ተነሣሁ፤ ሳንባዬ ላይ የከፋ ነገር አልተገኘም። የመረመረችኝ ሲስተር ግን ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ኒኮቲን ጭሱ በተሳበ 10 ሰከንድ ያህል ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ በሁለት ሰዓት ገደማ ደም ውስጥ ያለው በግማሽ ይቀንሳል፤ ያኔ አንጎል አምጣ ይላል። «ወንድሜ፣ የምታጨሰው ደስ ሊልህ ሳይሆን ሲጋራው ራሱ ያጎደለብህን ልትሞላ ነው» አለችኝ። ንዴቱና እረፍት ማጣቱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት እንደሚጠና፣ ከሳምንታት በኋላ እንደሚቀል፣ አንዱ አምሮት ሲመጣም ደቂቃዎች ታግሠው ካሳለፉት እንደሚበርድ ነገረችኝ። ሦስተኛው ቀን የኔ ብቻ ድክመት ይመስለኝ ነበርና ይህን መስማቴ ጠቅሞኛል። ሆኖም ከግቢው ወጥቼ ወዲያው ለኮስኩ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ጣርማ በር ስንደርስ ረዳቴን እንደ ወትሮው «ለኩስልኝ» አልኩት። ልጁ 16 ዓመቱ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ሲጋራ በፍሬ እንዳይሸጥ፣ ዕድሜው 21 ላልሞላም እንዳይሸጥ ይከለክላል። የኔን ሲጋራ በየመንደሩ በፍሬ እየገዛ የሚያመጣልኝ ግን እሱ ነበር። ዘወር ብዬ አየሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ጥልቅ አድርጎ ሳበ፣ ጭሱን በአፍንጫው አወጣ፣ ደግሞ ሳበ፣ ከዚያ አቀበለኝ። ሁለት ጊዜ። ደብረ ሲና እስክንገባ ቃል አልወጣኝም። የራሴን ሳንባ ማበላሸቱን ለምጄው ኖሬ ነበር፤ የሰው ልጅ ማበላሸቴን ግን መሸከም አቃተኝ።

ነሐሴ 1 ቀን የፍልሰታን ሱባኤ ልይዝ ጻድቃኔ ማርያም ሄድኩ። የዚያን የሰላ ድንጋይ አገር የነሐሴ ብርድ ልገልጸው አልችልም። ጠበሉን ጠዋት ጠዋት እየተጠመቅሁና እየጠጣሁ ሁለት ቀን አለፈ። ሦስተኛው ሌሊት ላይ ያው መጣ። ላብ አጠመቀኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ከጎኔ የተኛውን ሰው ማንኮራፋት ስሰማ ላንቀው ቃጣኝ። የካፖርቴን ገበር ስዳብስ ከተቀደደው ኪስ ውስጥ የገባ አንድ ሲጋራ አገኘሁ። ረስቼው ነው፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ክብሪት ግን የለኝም።

ክብሪት ልለምን በዝናቡ ወጣሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ተጠግተው የሚጸልዩ አንዲት እናት አየሁ። «እማማ፣ እሳት አለዎት?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና ይዘውት የነበረውን የበራ ጧፍ ዘረጉልኝ። «እንካ ልጄ፣ ሂድ በሷ ፊት አብራ» አሉኝ። እሳት የፈለግሁት ለጸሎት መስሏቸው ነው።

በቀኝ እጄ ጧፉ፣ በግራ እጄ ኪሴ ውስጥ ሲጋራው። እሳቱ በእጄ ነው፤ ወደ ጨለማው ዞር ብል የሚያየኝ አልነበረም። እግሬ ግን ወደ በሩ ሄደ። ከአጥር ውጭ መሳለም ከለመድኩ ከስንት ዓመቴ ገብቼ ሥዕሏ ፊት ቆምኩ። «እመቤቴ፣ ስለ እኔ ስንቴ ለምኜሽ ዋሽቼሻለሁ፤ አሁን የምለምንሽ ስለዚያ ልጅ ነው፤ እኔ ያስለመድኩትን አንቺ አስተዪልኝ፤ ከዚህ ነገር ካወጣሽኝ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ» አልኩ። አለቀስኩ። ኪዳን እስኪደርስ ቆምኩ። ሲነጋ ኪሴ ውስጥ የነበረው የረጠበ ቅጠልና የተፈረከሰ ወረቀት ብቻ ነበር። ሦስተኛው ቀን አለፈ፤ አራተኛው መጣ፤ እስከ ነሐሴ 16 ቆየሁ።

አምሮቱ በአንድ ሌሊት ጠፋ ብል ዋሸሁ። ቡና ሲፈላ ይመጣል፣ ከምሳ በኋላ ይመጣል። ኅዳር ላይ ለቅሶ ቤት አንዱ ሲያቀብለኝ ተቀብዬ ግማሹን አጨስኩ። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «ወድቀሃል፣ ተነሥ፤ መሬት ላይ ተኝተህ አትቁጠር» አሉኝ። ያ የመጨረሻዬ ሆነ፤ ለእመቤቴ ምስጋና ይድረሳት።

ልጁንስ? ከሱባኤ እንደተመለስኩ «እኔ ነኝ ያስጀመርኩህ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። በመጀመሪያው ጉዟችን ጣርማ በር ስንደርስ እጄ ሳላዘው ወደሱ ተዘረጋ፤ የ14 ዓመት ልማድ ነው። መዳፌ ላይ ቆሎ ዘገነልኝ። እናቱ የቆላችውን ገብስ በፌስታል ይዞ ኖሯል። እሱ ራሱ ለመተው ከኔ የበለጠ ጊዜ ፈጅቶበታል፣ ሁለት ጊዜም ተመልሶበታል፤ እኔም ስሙን ከጸሎቴ አላወጣሁም።

ዛሬ የራሱን መኪና ይነዳል። ባለፈው ሳምንት ዋሻው አፍ ላይ ተላለፍን፤ እሱ ሲወጣ እኔ ስወርድ። ጥሩምባ ነፋልኝ፣ መስኮቱን ዝቅ አደረገና የቆሎ ፌስታሉን ከፍ አድርጎ አሳየኝ።