ፍቅር እስከ መቃብርን ለእማዬ ሳነብላት

እማዬ ቀኝ ዓይኗን የሞራ ኦፕራሲዮን ያደረገችው ጥቅምት ላይ ነው። ሐኪሙ አታጎንብሺ፣ ውኃ አይግባበት፣ ጭስ አይንካሽ አላት። ጭስ አይንካሽ ማለት ለእማዬ ቡና አታፍዪ ማለት ነው። ሁለት ቀን ሳይሞላት መነጫነጭ ጀመረች። ቴሌቪዥኑ አይታያትም፣ ሬዲዮው ደግሞ ወሬ ብቻ ሆነባት። በሦስተኛው ቀን ማታ «እስቲ የሆነ ነገር አንብቢልኝ» አለችኝ።

ፍቅር እስከ መቃብርን ያነሳሁት እንዲሁ እጄ ስለገባ አይደለም። በዚያ ሰሞን ከመጽሐፉ ጋር ያልጨረስኩት ጉዳይ ነበረኝ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አንዴ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ለፍቅሩ ብዬ፣ ሌላ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ለፈተና ብዬ። ሁለቱንም ጊዜ ስጨርስ አፌ ላይ የቀረው ቃል አንድ ነው፤ ዕጣቸው ነው። ፍቅረኞቹ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ዕድለ ቢስ ነበሩ፣ በቃ። እያደር ግን ይቺ ዕጣ የምትባል ቃል ብዙ ሰው ከጀርባዋ የሚደበቅባት መሰለኝ። ስለዚህ ሦስት እርሳስ ገዛሁ። ቀዩ ሰው ወስኖ ላደረገው፣ ሰማያዊው ከላይ ለታዘዘው፣ ተራው ጥቁር ደግሞ እንዲያው ድንገት ለደረሰው። ታሪኩ በታጠፈበት ቦታ ሁሉ ላሰምር ነው። ሲያልቅ የትኛው ቀለም እንደበዛ አያለሁ። ትንሽ የሒሳብ ሠራተኛ ነገር ነኝ፣ ይቅር በሉኝ።

በማታ 20 ገጽ ብዬ አስቤ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ስድስት ገጽ ላይ ደከምኩ። በልብ ማንበብና ጮክ ብሎ ማንበብ ለካ አይገናኙም። የሐዲስ ዓለማየሁ ዓረፍተ ነገር ረጅም ነው፣ ትንፋሽ ይፈልጋል። መሀሉ ላይ አየር ካጠረሽ ግሱ ሳይደርስ ትቀሪያለሽ። ሁለት ሦስት ማታ ከተንተባተብኩ በኋላ ዘዴ አገኘሁ። ከሰዓት በኋላ የማታውን ክፍል ለብቻዬ በሹክሹክታ አነበዋለሁ፤ የምተነፍስበትን ቦታ በጥፍሬ ምልክት አደርጋለሁ። ከዚያ ወዲያ ስምንትና ዘጠኝ ገጽ መሄድ ቻልን።

አንድ ሌላ ነገርም ያኔ ነው የገባኝ። በእኔ እትም አንዳንዱ ፊደል ራሱ ላይ ነጥብ አለው። በአሥራ ሰባት ዓመቴ የማተሚያ ቤት ቆሻሻ መስሎኝ በላጲስ ልጠርገው የሞከርኩበት ገጽ እስከ ዛሬ እንደተፋፋቀ ነው። ለካ ደራሲው ሆን ብለው ያስቀመጡት ነው። ጠብቆ የሚነበበውን ፊደል በነጥብ ያመለክታሉ። በልብ ለሚያነብ ሰው ነጥቧ ጌጥ ናት። ድምፅ አውጥቶ ለሚያነብ ግን መንገድ ትመራለች። በ1958 ዓ.ም. የወጣ መጽሐፍ «እዚህ ጋ ጠበቅ አድርጊው» እያለ ሲያርመኝ ደስ አለኝ።

ሌላዋ አራሚዬ አጠገቤ ጋደም ብላለች። እማዬ ይህን መጽሐፍ አንብባው አታውቅም፤ ሰምታዋለች። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ፣ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚባለው ዝግጅት ሲተርከው ቃል በቃል ይዛዋለች።

«እዚህ ጋ ወጋየሁ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል» ትለኛለች።

«እማዬ፣ እኔ ወጋየሁ አይደለሁም።»

«እሱስ ታውቆናል።»

አንድ ማታ ስለ ቅኔ ትምህርቱ የሚያወራውን ሁለት ገጽ ዘለልኩ። ነቃችብኝ። «ልጁ መቼ ተማረና ነው መምህር የሆነው?» አለች። ተመለስኩ። ያ ክፍል እኮ ለመሙያ የገባ አይደለም። ሐዲስ ራሳቸው ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ የተማሩ ሰው ናቸው፤ የሚጽፉት የኖሩትን ነው። በዛብህ ያለው ሀብት ያ ትምህርት ብቻ ነው። የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ያስገባው፣ ከሰብለ ጋር ያገናኘው እሱ ነው። ያንን ዘልለሽ ፍቅሩን ብቻ ካነበብሽ ፍቅሩ ከሰማይ የወረደ ይመስልሻል።

እርሳሶቹ ሥራቸውን ቀጠሉ። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው በታመመ ጊዜ፣ ከዳነ ለእግዚአብሔር እንሰጠዋለን፣ ሳያገባ ያገለግላል ብለው ተሳሉ። ቀይ። ፊታውራሪ መሸሻ ለሰብለ የሚመጣውን ጠያቂ ሁሉ ዘሩ አይመጥንም ብለው መለሱ። ቀይ። ልጅቷ በዚያው የጋብቻ ዕድሜዋ አለፈ። ቀይ። በዛብህን መንገድ ላይ የደበደቡት ወንበዴዎች ዘንድ ስደርስ ጥቁሩን አነሳሁ፤ ይሄ እንኳ አጋጣሚ ነው ብዬ። ቡና ይዘው የመጡት ጎረቤታችን «ወንበዴስ ሰው አይደል እንዴ?» አሉኝ። ጥቁሩን አስቀምጬ ቀዩን አነሳሁ። ሰማያዊው እስከዚያ ድረስ አንዴም አልተቀረጸም። እኔም በልቤ አሸነፍኩ አልኩ።

ግን ወደ ኋላ ልመለስ። ስለቱ ያለበትን ክፍል ያነበብኩላት ማታ እማዬ ዝም ብላ ነበር። እርማት የለም፣ ወጋየሁ የለም። የተኛች መስሎኝ መጽሐፉን ዘጋሁ። «አልተኛሁም» አለች። ሌላ ነገር ግን አልጨመረችም።

ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። «በጾም የፍቅር ነገር?» አለች። ሁለት ቀን አረፍን። በሦስተኛው ቀን ራሷ «ቅኔና ምንኩስና ያለበት መጽሐፍ ምን ኃጢአት አለው» ብላ ፈቀደች።

በዚያው ሳምንት ቀለሞቹን አሳየኋት። ማለቴ፣ ባልተሸፈነው ዓይኗ አስጠግታ አየችው። ገጹ ሁሉ ቀይ በቀይ ነው። ሁሉንም ያደረገው ሰው ነው፣ ዕጣ የሚባል ነገር የለም፣ አልኳት። ትንሽ አሰበችና እንዲህ አለችኝ፦

«አንቺ ቀይ ያልሽውን ሁሉ እኮ፣ ሰዎቹ ሲያደርጉት ሰማያዊ መስሏቸው ነው።»

መልስ አጣሁ። እናትና አባቱ ስለቱን ሲሳሉ ልጁን ሞት እንዳይወስድባቸው መለመናቸው ነው እንጂ ዕድሜውን መቁረጣቸው መቼ ታያቸው? ፊታውራሪም ቢሆኑ ኩራታቸውን ኩራት ብለው አይጠሩትም፤ ለእሳቸው የአባት የአያት ሥርዓት ነው። ከመጽሐፉ ሰዎች ቀዩን ቀይ ብሎ የሚጠራው፣ የዘመኑን ሥርዓት የሚተቸው ጉዱ ካሳ ነው። ጉዱ ያሰኘውም ይኸው ነው። ለፈተና ሳነብ ስለ ጉዱ ካሳ ሦስት ገጽ ጽፌያለሁ፣ ይቺን ግን አላየኋትም።

ከዚያ ነው የነገረችኝ። ሁለት ዓመቴ ላይ ኩፍኝ ይዞኝ ሊገድለኝ ነበር። ከተረፈችልኝ ሰባት ዓመት ሲሞላት ቁልቢ ገብርኤል ይዣት እመጣለሁ፣ ጥላም አገባለሁ ብላ ተስላለች። ተረፍኩ። ሰባት ዓመቴ ሲደርስ ገንዘብ አልነበረም፤ በሚቀጥለው ዓመት ተባለ፤ ዓመቱ ሌላ ዓመት ወለደ። «ቀለበትሽን የመለስሽ ጊዜ እሱ ነው ትዝ ያለኝ» አለች። «ስለቱን በልቼ ነው አልኩ።»

ቀለበት ከመለስኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። የመለስኩት ስላልፈለግኩ ነው። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ አብሬው መቀመጥ ይከብደኝ ነበር፣ በቃ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀይ የሆነ ውሳኔ ወስኜ አላውቅም። እማዬ ግን አራት ዓመት ሙሉ በልቧ «እንዳታገባ ያደረግኳት እኔ ነኝ» ስትል ኖራለች። ደግሞ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ።

ልከራከራት አፌን ከፍቼ ነበር። ሴት ልጅ ካልፈለገች አትፈልግም፣ ገብርኤል ምን አገባው፣ ልላት። ተውኩት። ስለ ቀለበቱ እውነቱን ብቻ ነገርኳት፤ እንዴት እንደመለስኩት፣ የት ቁጭ ብለን እንደነበር፣ ምን እንዳለኝ። ይህንንም እስከዚያች ማታ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ስጨርስ «ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም?» ብላ ተቆጣች። በማግስቱ ጥላ ገዛሁ፤ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ ከፋይ። ለዓይኗ አቧራውና ግፊያው ስለማይሆን ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ለሚወርዱት ለጎረቤታችን ሰጠናቸው። «እሷን ራሷን ነበር መውሰድ ያለብኝ» ብላ አሁንም ያልተዋጠላት ነገር አለ። ሐምሌ 19ም ንግሥ አለው ብዬ አጽናንቻታለሁ።

እንደኔ ለቤተሰብ ላንብብ የሚል ካለ፣ ከዚህ ሁሉ የተረፈኝ ምክር ትንሽ ነው። ሞባይሉን ሌላ ክፍል አስቀምጡት። አቋርጠው ሲያወሩባችሁ አትቆጡ፤ የእኔ መጽሐፍ ግማሹ ጣልቃ በገባው ወሬ ውስጥ ነው ያለው። እያነበባችሁ አታብራሩ። እኔ አንድ ማታ ሐዲስ በጣሊያን ተማርከው ፖንዛና ሊፓሪ ደሴት ላይ ስለታሰሩበት ዘመን ልተርክ ስጀምር እማዬ «ልጁ መንገድ ላይ ነው እኮ» ብላ አስቆመችኝ። ልክ ነበረች። ለሌላ ቀን ይደርሳል።

መጨረሻውን ያነበብነው ገና ካለፈ በኋላ ነው። ሰብለ ወንጌል የመነኩሴ ልብስ ለብሳ፣ ያንን ሁሉ አገር አቋርጣ በዛብህን የምታገኝበት ጋ ስደርስ ድምፄ እምቢ አለኝ። ሁለት ጊዜ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ ውኃ ጠጣሁ፣ አልሆነም። እማዬ ዓይኗን ጨፍና ከዚያ ቀጠለችው። ቃሉ የመጽሐፉ አልነበረም፤ ከወጋየሁ አፍ የሰማችው፣ በስንት ዓመት ውስጥ የራሷ ያደረገችው ነው። አላረምኳትም። ሞቱ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

የግራ ዓይኗ ቀጠሮ ጥር መጨረሻ ላይ ነው። ትናንት መድኃኒቷን ሳንጠባጥብላት፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ምን እንደምናነብ ጠየቅኳት። «ያቺን የስለቷን ቦታ ደግመሽ ታነቢልኛለሽ» አለች። «እርሳሱን ግን እንዳታመጪ።»