ኳሷን ስለካ ወለሉን ለካሁ

ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። የያዝኩት ሥራ ቀላል ይመስል ነበር፦ የምትንከባለል የቴኒስ ኳስ ፍጥነቷ በየሰከንዱ በስንት ይቀንሳል? ቤተ ሙከራዬ የኮንዶሚኒየማችን ኮሪደር ነው። ሴራሚኩ 40 በ40 ሴንቲ ስለሆነ ሜትር አልዘረጋሁም፤ እቆጥራለሁ።

በእጄ ስገፋት ፍጥነቷ አንዴም ተመሳስሎልኝ አያውቅም። ስለዚህ ሁለት የመጥረጊያ እንጨት ጎን ለጎን አስሬ ጫፉን በመጽሐፍ ከፍ አደረግሁት። ከዚያ ላይ ሳልገፋ ልቅቅ። ስልኬ ይቀርጻል።

ስሌቱ ርቀቱን በሁለት አባዝቶ፣ እስክትቆም በወሰደባት ጊዜ ካሬ ማካፈል ነው። 9 ሴራሚክ፣ ማለትም 3.6 ሜትር፣ በ9 ሰከንድ። ውጤቱ 0.089 ሜ/ሰ²። ቅነሳው ወጥ ከሆነ በጊዜው አጋማሽ የርቀቱን ሦስት አራተኛ መጨረስ አለባት። ቪዲዮውን 4.5 ሰከንድ ላይ አቆምኩት። ሰባተኛው ሴራሚክ ላይ ነች። ደስታዬን አትጠይቁኝ!

በነጋታው እንጨቱን ወደ መጀመሪያው ቦታ መመለስ ሰነፍኩና ከዚያኛው ጫፍ ለቀቅኋት። 1.9 ሜትር ሄዳ በ4.7 ሰከንድ ቀጥ። 0.172! ያው ኳስ፣ ያው ከፍታ፣ ያው ወለል።

ጉዱ ወለሉ ነበር። ሴራሚክ ከሚያነጥፍ ጎረቤቴ ውሃ ልክ ተዋስኩ። አረፋዋ ከመሃል ሸሸች፤ ኮሪደሩ ወደ ደረጃው ያዘቀዝቃል። ከሁለቱ ውጤቶች ልዩነት ሳሰላው በሜትር 7 ሚሊ ገደማ ይሆናል። መጀመሪያ 4 ሚሊ ብዬ ጽፌ ነበር። የረሳሁት ነገር ኳሷ ውስጧ ባዶ መሆኑን ነው፤ እንዲህ ያለች ኳስ ቁልቁለት ላይ የምታገኘው ፍጥነት ጭማሪ ሳትሽከረከር ብትንሸራተት ከምታገኘው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፣ መሽከርከሩ የቀረውን ይወስድባታል።

ስትሄድ ቁልቁለቱ ይገፋታል፣ ስትመለስ ይይዛታል። አማካዩን ስወስድ ሁለቱ ተጣፉና 0.13 ቀረ። የሰበቃው ድርሻ ይኸው ነው። አሁን በሁለቱም አቅጣጫ ሳልለካ ቁጥር አልጽፍም።

ያልተፈታልኝ የመጨረሻዋ ሰከንድ ናት። ልትቆም ስትል የሴራሚኩ መጋጠሚያ ውስጥ ገብታ ትንሽ ወደ ኋላ ትወዛወዛለች። የቆመችው የቱ ጋ ነው ልበል? ጊዜው በካሬ ስለሚገባ በ9 ሰከንዱ ሙከራ ግማሽ ሰከንድ ከሳትኩ ውጤቱ ከ10 በመቶ በላይ ይዛባል። ለጊዜው ወደ ኋላ ከመመለሷ በፊት ያለችውን ፍሬም ይዣለሁ። የተሻለ ዘዴ ያለው ይንገረኝ።

ቀጣዩ ከጋራዥ ለምኜ ያመጣሁት የኩሽኔታ ብይ ነው። ኮሪደሩ እንዳይበቃው ሰግቻለሁ፤ ደረጃው ጫፍ ላይ ትራስ አስቀምጫለሁ።