በመስከረም የተለካ ምንጭ

ሰሜን ወሎ ነው። የአንድ ወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት ምንጭ አጎልብቶ ወደ ቀበሌው ቦኖ ቢስበው፣ ከሥር ያሉት መስኖ ተጠቃሚዎች በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 «ሁከት ይወገድልን» ብለው ከሰሱ።

የወረዳው ዐቃቤ ሕግ መልስ ሲነበብ ጠንካራ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 197/1992 አንቀጽ 7 የቤት ፍጆታ ከሌላው የውሃ አጠቃቀም ሁሉ ይቀድማል። ቀበሌው 2,400 ሰው አለው፤ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ቢታሰብ በሰከንድ 0.7 ሊትር ይበቃዋል። ምንጩ 3.3 ይሰጣል፤ ቀሪው 2.6 ለቦዩ ነው። ከሳሾቹ በአንቀጽ 12 መለሱ፤ ባህላዊ መስኖ ፈቃድ አያሻውም።

ዳኛው የውሃ አባቱን፣ ማለትም የመስኖውን ውሃ ለገበሬው የሚያከፋፍሉትን ሰው፣ አስነሡ።

«አባቴ፣ 2.6 ሊትር ይቀራል እያሉ ነው። ቦዩ ላይ ስንት ይደርሳል?»

«ጠብታ አይደርስም፣ ጌታዬ። ልጆቹ መቼ ነው የለኩት?»

የጥናቱ ወረቀት ተገለጠ፦ መስከረም። 20 ሊትር ጀሪካን በ6 ሰከንድ ሞልቷል።

«በመስከረም የማይፈስ ምን አለ? በልግ ሲዘለን፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ ኑና ለኩት።»

የተለካበት ጊዜ ከመዝገቡ ጋር ተያይዞ ገብቷል፤ ከወረዳው ወገን ግን ያየው አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው ይህ ነው። አንቀጽ 7 ማን እንደሚቀድም ይናገራል እንጂ ቀዳሚው ሁሉንም ይውሰድ አይልም፤ ስለዚህ ክርክሩ በሙሉ ያረፈው በዚያ 2.6 ሊትር ላይ ነበር።

ፍርድ ቤቱ በግንቦት አስለካ። ያው ጀሪካን በ20 ሰከንድ ሞላ፤ በሰከንድ 1 ሊትር ማለት ነው። ለቦዩ የሚተርፈው 0.3 ነው፤ እሱም አይደርስም ነበር። ለቦኖው ውሃ የሚያጠራቅመው ጋን ተንሳፋፊ ቫልቭ ስላልተገጠመለት ቧንቧው ሌሊቱን ሙሉ ይስባል፣ ጋኑ ሞልቶ ይፈሳል፣ ትርፉ መንደሩ ሥር ባለው ሸለቆ ይቀራል። ገበሬው ደግሞ የሚያጠጣው የሌሊቱን ውሃ አጠራቅሞ ነበር።

ነገሩ በእርቅ አለቀ። ጋኑ ላይ ተንሳፋፊ ቫልቭ ይገጠማል፤ ጋኑ ሲሞላ ቫልቩ ይዘጋል፣ ውሃው በቧንቧው መውረዱን ትቶ ምንጩ ላይ በተሠራው ሳጥን ይሞላል፣ ከዚያ በትርፍ መውጫው ወደ ቦዩ ይወርዳል። መውጫው ከምንጩ ዓይን ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥ በጽሑፍ ገባ፤ ከፍ ካለ የታቆረው ውሃ ዓይኑን ይጫነዋል፣ ምንጩም ሌላ መንገድ ፈልጎ ከሳጥኑ ውጭ ይፈልቃል። ያኔ ቦኖውም ቦዩም ይደርቃሉ።

በየዓመቱ ግንቦት መጨረሻ ልኬት እንዲደረግም ተስማሙ። ጀሪካኑን የውሃ አባቱ፣ ሰዓቱን የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ እንዲይዝ የሚለው ቃል የተጨመረው በውሃ አባቱ ጥያቄ ነው።