የክልስ ልጅ ታሪክ ደሴ ላይ ሲጻፍ

ከጣሊያን አባት ስለተወለደ ወሎዬ ስጽፍ የምነሣው ከስም ነው። በ1932 ግንቦት የወጣው የፋሺስት ሕግ ጣሊያናዊው አባት ልጁን እንዳይቀበልና ስሙን እንዳይሰጠው ከለከለ። ብዙ እናቶችም ልጁን በራሳቸው አባት ስም አስጠሩት። ወረቀቱን ያየ ሰው እናትና ልጅን እህትና ወንድም ናቸው ይላል። ልጁ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ የሚያሳይ አንድ ትዕይንት፣ ስለ ፀጉሩና ስለ ዓይኑ ከሚደረደር ገለጻ የበለጠ ይናገራል። ቀለሙን በየምዕራፉ የሚያነሣ ደራሲ ሰውየውን ራሱን ያጠፋዋል።

ቀጥሎ ዕድሜውን አሰላለሁ። ጣሊያን ደሴን የያዘው ሚያዝያ 7 ቀን 1928፣ የለቀቀው ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ነው። አባትየው ከጦርነቱ በኋላ እዚሁ የቀረ ካልሆነ፣ ልጁ የተወለደው ከ1929 ጥር እስከ 1934 ጥር ባለው ጊዜ ነው፤ አብዮቱ በ1966 ሲፈነዳ ከ32 እስከ 37 ዓመት ይሆነዋል። የውጭ ሰነድ ስታገላብጡ ሰባትና ስምንቱን ዓመት መቀነስ ከረሳችሁ ልጁ ጦሩ ሳይገባ ተወልዶ ታገኙታላችሁ።

ወሎ ደግሞ የራሷ ነገር አላት። ስሙ መሐመድ፣ የአባቱ ስም ታደሰ ቢሆን ማንም አይደነቅም፤ በሠርግም ለእስላሙና ለክርስቲያኑ እርዱ ለየብቻ ይዘጋጃል። ስለዚህ ባዕድነቱን ለማሳየት መንደሩን በሙሉ ጠላት ማድረግ ውሸት ነው። የሚያዋጣው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ልጁን ማን ያሳድገዋል? የማንን ሥጋ ይበላል? ርስት ሲካፈሉ ማን ይመሰክርለታል?

ሽማግሌ ስጠይቅም «ምን ተሰማዎት?» አልልም፤ መልሱ ሁልጊዜ «ምን ይደረግ» ነው። «ሰፈር ውስጥ ማን ብለው ይጠሩዎት ነበር? በማን ስም ተመዘገቡ?» ስል ግን ታሪኩ ይመጣል።

ልብ ወለዱን ከግል ትዝታው አስቀድሜ መጻፍን እመርጣለሁ፤ ሁለት ሦስት ሰው አዋሕዶ አንድ ገጸ ባሕርይ መፍጠር የሚፈቀደው እዚያ ብቻ ነው። በትዝታ ግን በሕይወት ያለ ዘመድ ስለ እሱ የተጻፈውን ክፍል ከኅትመት በፊት ሊያነበው ይገባል። አይሆንም ካለ ይወጣል። ወደ ልብ ወለድ ላሻግረው ብትሉ ስም መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ሥራውና ሰፈሩ ካልተለወጡ ደሴ ውስጥ አራዳም ሆነ ፒያሳ ያለ አንባቢ በሁለተኛው ገጽ ይለየዋል።