የስድስት ዓመቱ መንጋጋ

እሑድ ማታ፣ ባሕር ዳር

ልጄ ስድስት ዓመት ከሞላት ወዲህ፣ ማታ ጥርሷን ሳጸዳላት ከመጨረሻው የወተት ጥርስ በስተኋላ ያለውን ድድ በስልክ መብራት እመለከታለሁ። ዛሬ ከታች በግራ በኩል ድዱ ተከፍቶ ሁለት ነጫጭ ጫፎች ብቅ ብለዋል፤ የቀረው የጥርሱ ገጽ ገና በድድ እንደተሸፈነ ነው። እናቴም አብራኝ አየችና «ተይው ልጄ፣ የወተት ጥርስ አይደል? ነገ ተነገ ወዲያ ይወልቃል» አለችኝ። አብዛኛው ሰው የሚያስበው እንደ እሷ ነው፤ ደግሞም አይፈረድበትም፤ ይህ ጥርስ እንደ ፊት ጥርሶች የወተቱን አስለቅቆ ሳይሆን ከሁሉም ኋላ፣ ባዶ ቦታ ላይ ስለሚበቅል መምጣቱን ልብ የሚለው ጥቂት ነው።

ነገር ግን አይወልቅም። 20ዎቹ የወተት ጥርሶች ሁሉ ተተኪ አላቸው፤ ይህ ግን ከ32ቱ ቋሚ ጥርሶች አንዱ፣ ከላይ ሁለት ከታች ሁለት ሆኖ በስድስት ዓመት ገደማ የሚወጣውና ዕድሜ ልክ እህል የሚፈጭልን ትልቁ መንጋጋ ነው። ከተነቀለ ከኋላው የሚበቅለው ጥርስ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላል፤ ንክሻም ይዛባል። በእኔ ዕድሜ ያሉ ጎረቤቶቼ ጥርስ ማስነቀላቸውን ሲያወሩ ብዙውን ጊዜ ጣታቸውን የሚያሳርፉት እዚያው የጉንጭ ቦታ ላይ ነው፤ ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ፤ ብዙው ሊተርፍ ይችል ነበርና።

ይህ መንጋጋ ከሌሎቹ ቋሚ ጥርሶች ቀድሞ የሚቦረቦረው ያለ ምክንያት አይደለም። ገጹ ላይ ያሉት ስንጥቆች ጥልቅ ናቸው፤ አዲስ የወጣ ጥርስ ሽፋኑ ገና አልጠነከረም፤ እስኪያድግ ድረስም ከጎረቤቱ ዝቅ ብሎ ስለሚቆይ ብሩሹ በላዩ አልፎ ይሄዳል። በስንጥቁ ውስጥ የተቀመጡት ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም የጥርሱን ማዕድን ያሟሟል። ምራቅ ይህን ጉዳት ይጠግናል፤ ለመጠገን ግን ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ከስኳሩ ብዛት ይልቅ የሚከፋው መደጋገሙ ነው። ዛሬ ከሰዓት ጣና ዳር ቀረሶ ጥብስ ስንበላ፣ አጠገባችን የነበሩት ልጆች አንድ ጠርሙስ ለስላሳ እየተቀባበሉ እስኪመሽ ድረስ ሲጎነጩ ነበር። ከምግቡ ጋር አንዴ ጠጥተው ቢጨርሱት ለጥርሳቸው በብዙ ይሻል ነበር።

በአካባቢያችን የታመመን ጥርስ ትል በልቶታል ብለው የእምቧይ ፍሬ ጭስ የሚያጥኑ አሁንም አሉ። ጥርስ ውስጥ ትል የለም። ቅርንፉድ ሕመሙን ለጊዜው ያደነዝዛል፤ ቀዳዳው ግን መስፋቱን አያቆምም፤ ፊት አብጦ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው።

መፋቂያ እወዳለሁ፤ እኔም ጠዋት ጠዋት ከቤት ስወጣ ይዤ እወጣለሁ። በልጅ አፍ ውስጥ ግን ዝቅ ብሎ ወደ ተደበቀው መንጋጋ አይደርስም። ለልጄ የአተር ፍሬ የምታህል ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና አድርጌ፣ ብሩሹን ከጉንጯ በኩል በአግድም አስገብቼ ያንን አንድ ጥርስ ለብቻው አጸዳዋለሁ፤ አረፋውን ትተፋለች እንጂ በውኃ አትጉመጠመጥም፤ ከዚያ በኋላ ከውኃ በቀር ምንም አልሰጣትም፤ በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ የማታው ጽዳት ከጠዋቱ ይበልጣል። ፍሎራይድ ያበልዛል ብለው የሚፈሩ እናቶች አጋጥመውኛል። በስምጥ ሸለቆ ጥርስ የሚበልዘው ሕፃናት ገና ጥርሳቸው ሲሠራ ፍሎራይድ የበዛበትን የጉድጓድ ውኃ ዕለት ዕለት ስለሚጠጡ ነው፤ የሚተፋ የአተር ፍሬ ያህል ሳሙና ከዚያ ጋር አይወዳደርም።

ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ሐኪም ዘንድ ወስጃት ስንጥቆቹን በቀጭን ማሸጊያ ማስደፈን እፈልጋለሁ። ማሸጊያው በደንብ የሚይዘው ደረቅ ገጽ ላይ ስለሆነ፣ ድዱ እስኪሸሽ ጥቂት ወራት እጠብቃለሁ። እስከዚያ የቀኙም ብቅ ይላል፤ ለእናቴም ነገ በቀን ብርሃን ሁለቱን ጎን አሳያታለሁ።