አንድ ወረቀት፣ ሃያ እጥፋት፣ ሦስት መቀነት፦ ከኮምቦልቻ የጀማሪዎች የቅርጽ ስቱዲዮ ማስታወሻ

400 ሚሊ ሊትር። በዚህ ሳምንት አንድ ተራ የኤ-ፎር ወረቀት፣ ያው (በካሬ ሜትር) 80 ግራም የሚባለው የፎቶኮፒ ወረቀት፣ በሁለት ብሎኬት መካከል ያለ 24 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተሻግሮ ይህን ያህል ውሃ ተሸከመ። ወረቀቱ ራሱ 5 ግራም ነው። ለስትራክቸር (የሕንፃ አወቃቀር) ሰው ቁጥሩ ምንም ላይመስል ይችላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ 150 ላይ ተገትሮ አልነቃነቅ ያለ ነገር ስለሆነ ግን ጀማሪ የዲዛይን ተማሪ ለምታስተምሩ ሁሉ መጻፍ አለበት።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ቶሎ ልለፋቸው። አንደኛው ሳምንት ከብስኩት ካርቶን ባለ 10 ሳንቲ ሜትር ኪዩብ መሥራት ነው። ተማሪው ስድስት እኩል ካሬ ይቆርጥና ሲገጥማቸው አንዱ ጎን 10.6 ይወጣል፤ ካርቶኑ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት እንዳለው ሲስል አልታየውማ። ትክክለኛው ልክ ሁለት ፊት 100 በ100፣ ሁለት ጎን 94 በ100፣ ክዳንና ወለል 94 በ94 ሚሊ ሜትር ነው። አስቀድማችሁ አትንገሯቸው። ሁለተኛው ሳምንት የልብስ ሳሙና መቅረጽ ነው። ጭቃ ቢሳሳቱበት መልሶ ይለጠፋል፤ ሳሙና የተላጠው ተላጠ ነው፣ ስለዚህ ተማሪው ቢላውን ከማሳረፉ በፊት ዙሪያውን አገላብጦ ያያል። ከላስቲኩ አዲስ የወጣ ሳሙና ይሁን፤ ከርሞ የደረቀው በቢላ ሲነካ ይሰነጠቃል። ፍርፋሪው አይጣልም፣ የስቱዲዮውን ጨርቅ ያጥባል።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው ጉዱ።

ደንቡ አጭር ነው። አንድ ወረቀት ብቻ። ከብሎኬቱ ጋር በፕላስተርም በኮላም ማጣበቅ የለም፣ መቀመጥ ብቻ። ጭነቱ መሀል ላይ በ10 በ10 ሳንቲ ሜትር ካርቶን ላይ ያርፋል። ለጭነት አንገቱ የተቆረጠ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ እና ከፋርማሲ የተገዛ ባለ 20 ሚሊ ስሪንጅ በቂ ነው። 1 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 ግራም ስለሆነ ሚዛን ፍለጋ መዞር የለም። በጆግ ወይም ከሌላ ጠርሙስ አትቅዱ፤ ውሃው ሲወርድ የሚመታው ምት ወረቀቱን ከክብደቱ ቀድሞ ይጥለዋል። በስሪንጅ ሃያ ሃያ እያሉ ሲጨምሩ ግን ወረቀቱ ከመውደቁ በፊት ምን እንደሚሆን በዓይን ይታያል፤ ትምህርቱ ያለው እዚያች ላይ ነው።

ዝርግ ወረቀት በገዛ ክብደቱ ተልፈስፍሶ ይወርዳል። ተማሪዎች በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንደ ሽንሽን ቀሚስ መሸንሸን እንዳለበት ይደርሱበታል። እስከዚህ ድረስ ማንም አይቸገርም። 21 ሳንቲ ሜትሩን ወርድ በአንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ሲሸነሽኑት 21 ቁራጭ፣ 20 እጥፋት ይሆናል፤ እጥፋቶቹ በ29.7ቱ ርዝመት ይሄዳሉ። አብዛኛው የፎቶኮፒ ወረቀት ክሩ (ጭረቶቹ የተኙበት አቅጣጫ) በዚሁ በረጅሙ በኩል ስለሆነ እጥፋቱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። የተጠራጠረ ከጫፉ ትንሽ ይቅደድ፤ በክሩ በኩል ቀጥ ብሎ ይቀደዳል፣ በተቃራኒው ይንሻፈፋል።

ምልክት ሲያደርጉ ማስመሪያውን አንዴ ከዜሮ አስቀምጠው ሳያነሱ 20ውንም ነጥብ ያድርጉ። ከነጥብ ወደ ነጥብ እያንቀሳቀሱ የሚለኩት በእያንዳንዱ ግማሽ ሚሊ ቢስቱ መጨረሻው ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ይጎድላል፣ አንዱ ቁራጭ ጠፋ ማለት ነው። መስመሩን በብረት ማስመሪያ አስደግፎ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ መጫን። ለዚህ ሥራ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም፤ ውድ ውድ የመጫኛ ብረት የሚያዙ ሰዎች እስክሪብቷቸውን ለምን እንደሚጥሉ አይገባኝም።

አሁን ስሌቱ። የወረቀቱ ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በሁለት ቁራጮች መካከል ያለው መዓዘን 90 ዲግሪ ሲሆን የሽንሽኑ ጥልቀት 7 ሚሊ ሜትር ነው። አልጎብጥም ባይነቱ በጥልቀቱ ካሬ ስለሚያድግ ከዝርጉ ወረቀት 5,000 እጥፍ ይሆናል። አምስት ሺህ! ታዲያ ለምን 150 ሚሊ ላይ ይወድቃል?

ስለማይሰበር ነው። ይከፈታል። ውሃው ሲጨመር ሽንሽኑ እግሩን ይዘረጋል፣ ጥልቀቱ ይቀንሳል፣ ጥልቀቱ ሲቀንስ ይደክማል፣ ሲደክም ይበልጥ ይዘረጋል። መዓዘኑ ከ90 ወደ 120 ዲግሪ ሲከፈት ጥልቀቱ ከ7 ወደ 5 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ በካሬ ሲሰላ ግማሹ ጉልበት ሄደ ማለት ነው። ይህን ለማየት መዓዘን መለኪያ አያስፈልግም። ጠቅላላ ወርዱን በማስመሪያ ለኩ፦ 14.8 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 90 ዲግሪ ላይ ነው፣ 18.2 ከደረሰ 120 ላይ ነው። በየ40 ሚሊው ወርዱን ጫፍና መሀል ላይ ለክተው በሠንጠረዥ ይጻፉ። ተማሪ “ወደቀብኝ” ከማለት “መሀሉ 17 ደረሰ፣ ከዚያ ወደቀ” ወደማለት የሚሻገረው በዚህ ሠንጠረዥ ነው።

የተማሪው የመጀመሪያ መድኃኒት ጥልቀት መጨመር ነው፤ በ2 ሳንቲ ሜትር ይሸነሽነዋል። በስሌት አራት እጥፍ ይጠነክራል፣ እውነት ነው፣ ጉብጠቱም ሲታይ ያነሰ ነው። ግን ቁራጩ በሰፋ ቁጥር ቀጭን ግድግዳ ይሆንና ላይኛው ሸንተረር ድንገት ይጨማደዳል፤ ከመውደቁ በፊት ምንም ምልክት አይሰጥም። ግማሽ ሳንቲ ሜትሩ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፦ አይጨማደድም፣ ግን ጉብጠቱ ብዙ ነው፣ 41 እጥፋትም ጣት ይጨርሳል። ለዚህ ወረቀትና ለዚህ ክፍተት 1 ሳንቲ ሜትሩ አካባቢ ይሻላል። ሦስቱንም እንዲሠሩ አድርጉ፤ “ጥልቅ ሁልጊዜ ጠንካራ ነው” የሚለውን በቃል ማስተው አይቻልም።

ሁለተኛው መድኃኒት ማሰር ነው፤ እዚህ ላይ የመመሪያው ጥፋት የተማሪው ሳይሆን የኔ ነበር። የታተመው መመሪያ “ሁለቱን ጫፎች በወረቀት ማሰሪያ ያዙ” ይላል። ጫፉ ግን ብሎኬቱ ላይ ተጭኖ ስለተቀመጠ በሰበቃ ትንሽም ቢሆን ይያዛል። እንደ ልቡ የሚከፈተው ጭነቱ ያለበት፣ ምንም የማይነካው መሀሉ ነው። ሠንጠረዦቹ ሁሉ ይህን ሲናገሩ ነበር፤ ጫፍ 15፣ መሀል 17። ሦስት ሳምንት ያህል ቁጥሩ ፊት ለፊት ተቀምጦ መመሪያው አልተቀየረም።

መልሱ ደግሞ ከራሳችን በላይ ነው፣ ቆርቆሮው። የደሴም የኮምቦልቻም ጣሪያ ያ ቀጭን ብረት በሞገዱ ነው የሚቆመው፤ ሞገዱ የማይዘረጋው ግን በየሞራሌው (ቆርቆሮው በሚመታበት አግዳሚ እንጨት) ላይ በሚስማር ስለተያዘ ነው፤ ሞራሌው ደግሞ ዳርና ዳር ብቻ ሳይሆን መሀልም አለ። ሞራሌ ያልያዘው የቆርቆሮ ጫፍ ላይ የረገጠ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

ስለዚህ አሁን የምንሠራው እንዲህ ነው። ከመሸንሸኑ በፊት ከወረቀቱ አጭር ጎን 1 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያላቸው ሦስት ቁራጮች ይቆረጣሉ። ርዝመቱ 26.7 ይቀራል፣ በየብሎኬቱ ላይ 1.35 ሳንቲ ሜትር ያርፋል፣ ይበቃል። ቁራጮቹ ወደ 14.8 ሳንቲ ሜትር ያጥሩና መቀነት ይሆናሉ፦ ሁለቱ ከብሎኬቱ ጠርዝ ትንሽ ገባ ብለው፣ አንዱ ልክ መሀል። ከሥር ነው የሚለጠፉት፤ ከላይ ከሆነ የጭነቱ ካርቶን ጠርዝ ይልጠዋል። መቀነቱን የሚነኩት የታች እጥፋቶች 10 ስለሆኑ ለአንድ መቀነት 10 ነጥብ ኮላ፣ በስቴኪኒ ጫፍ። በጣት የሚቀባ ተማሪ ወረቀቱን ያርሰዋል፣ የራሰ ወረቀት ሲደርቅ ይጨማተራል፣ ሥራው ተመልሶ ዜሮ። ኮላው ሲደርቅ ወርዱ እንዳይንሸራተት ሁለት ብሎኬት በ14.8 ሳንቲ ሜትር ርቀት አቁሞ ሽንሽኑን መሀላቸው ማስገባት። መቀነቱ ከላላ የለም ማለት ነው፤ እስኪወጠር ድረስ ሽንሽኑ ይከፈትበታል።

አየሩም ያለ ቅጣት አያልፍም። ማታ ደሴ ላይ፣ የጦሳ ተራራ ጭጋግ ለብሶ ሳለ የተሠራ ሞዴል ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ልፍስፍስ ብሎ ነው። ወረቀት እርጥበት ይጠጣል፣ ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ በበልግ ዝናብ ሰሞን ልዩነቱ በእጅ ሲነካ ይታወቃል። ከሙከራው በፊት ሁሉም ሞዴል አንድ ክፍል ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቀመጥ። አለዚያ የምታወዳድሩት የተማሪን ሥራ ሳይሆን የሁለት ከተማን አየር ነው። ኮላውም በደሴ ብርድ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ነካ ነካ አድርገው “ደርቋል” የሚሉትን አትመኑ።

ስለ ማርክ አንድ ነገር። ሙሉውን ማርክ ለውሃው መጠን መስጠት ስህተት ነው፣ ተደርጎ ታይቷል፤ ክፍሉ በሙሉ የአንዱን ጎበዝ ሞዴል ቀድቶ መጣ። አሁን ከ20 ማርክ 5ቱ ብቻ ለውሃው ነው። 10ሩ ለወርድ ሠንጠረዡና “የት ጀመረ፣ ለምን ከዚያ ጀመረ” ለሚለው መልስ፣ ቀሪው 5 ለጥራት። ሞዴሉ 100 ላይ የወደቀበት ልጅ 17 ያገኘበት ጊዜ አለ፣ ቅሬታም መጥቷል። አብሽሩ፣ ይለምዱታል።

ፎም ቦርድ (በሁለት ወረቀት መካከል ፎም ያለበት ሰሌዳ) በመጀመሪያው ሴሚስተር አይግባ። ውድነቱ አንድ ነገር ሆኖ፣ ዋናው ግን ምንም ቢያደርጉት ስለሚቆም ስለ አወቃቀር ምንም አያስተምርም። ሆት ግሉም (በሙቀት የሚቀልጠው የፕላስቲክ ማጣበቂያ) እንዲሁ፤ መጋጠሚያው ያልተገናኘበትን ክፍተት በፕላስቲክ ይሞላና ስህተቱን ይደብቃል። ኮምፒውተሩ እስከ ስምንተኛው ሳምንት ይቆይ። ስክሪን ላይ ምንም ነገር አይወድቅም። ባውሃውስ የተባለው የዲዛይን ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1932 በነበረባት በጀርመኗ ዴሳው (ስሟ ደሴን ለመምሰል ትንሽ ነው የቀራት) ጀማሪዎች ከወረቀት ጋር የሚታገሉበት ትምህርት ነበር። እኛ የምናደርገው አዲስ ነገር አይደለም፣ ወረቀቱ ብቻ ነው የረከሰው።

አንድ ፊት ብቻ የማየቱ ችግር ግን አሁንም አልተፈታም። ተማሪው ሞዴሉን ፊት ለፊት አስቀምጦ ይሠራዋል፣ ጀርባው የተረሳ ጓሮ ይመስላል። የሚሻለው ሞዴሉን ሰፌድ ላይ አስቀምጦ በየ45 ዲግሪው እያዞሩ በአንድ አንድ ደቂቃ 8 ንድፍ ማሳል ነው። ጀበናም ለዚህ ጥሩ ነው፣ ጆሮዋና አፏ ከየአቅጣጫው ሌላ ጀበና ያስመስሏታል። ግን ልብ በሉ፣ ንድፉን የሚሠሩት ለማርክ ከሆነ ስድስተኛው ላይ ከጭንቅላት መሳል ይጀምራሉ። ይህን እንዴት እንደምንከላከል ያገኘ ካለ ይጻፍልን።

ወደ ወረቀቱ ስንመለስ፣ ከመቀነቱ በኋላ መከፈቱ ቆሟል፤ 400 ላይ መሀሉ ከ15.2 አላለፈም። አሁን የሚወድቀው ሌላ ቦታ ነው፤ በጭነቱ ካርቶን ጠርዝ ሥር፣ ላይኛው ሸንተረር ላይ፣ ጥፍር የምታህል ጭምድድ ትታይና ከዚያ በሁለት ስሪንጅ ያልቃል። የመጀመሪያው ጥርጣሬ የካርቶኑ ጠርዝ ስለታም መሆኑ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት በካርቶኑ ፋንታ በእኩል መጠን የተቆረጠ የስፖንጅ ቁራጭ ይሞከራል። ጭምድዷ ቦታ ከቀየረች ጥፋቱ የጠርዙ ነበር፤ እዚያው ከሆነች ቁራጩን ወደ 8 ሚሊ ሜትር ማጥበብ ነው፣ 25 እጥፋት።